የሩዝ ገለፈትና የመንደር መብራት

(ለማታ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መብራት ነው። ወሬዬን የምጀምረው ግን ከገለፈት ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስናነብ አንዲት እናት መጽሐፋቸውን እያስጠጉ፣ እያስጠጉ ኩራዙ ዘንድ ደረሱ። የነጠላቸው ጫፍ ሊያያዝ ምንም አልቀረው። «እማማ፣ ለ እና ሰ ተምታቱብዎት እንዴ?» ብላቸው፣ «አልተምታቱብኝም ልጄ፣ አልታዩኝም እንጂ» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ማደሪያዬ ገብቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ቀን እርሻ ላይ የዋለ ሰው የሚማርበት ጊዜ ማታ ብቻ ነው። ማታ ደግሞ ብርሃን የለም። ኩራዝ ላምባ ይፈልጋል፤ ላምባ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጭሱም ዓይንና ደረት ይጎዳል። የእጅ ባትሪ ድንጋዩ ያልቃል። በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መብራት የገዛችሁ አላችሁ፤ እሱ ደግ ነገር ነው። ግን ክረምት ሰማዩ ሲጨፈግግ እሱም ይደክማል።

በማግስቱ ሩዝ መፈተጊያው ቤት ሄድኩ። ከጀርባው ያለውን የገለፈት ክምር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆች ይንሸራተቱበታል፤ ነፋስ ሲነሳ ዓይን ውስጥ ይገባል። «ይህን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቦታ ሲይዝብን እናቃጥለዋለን» አሉኝ።

እንግዲህ ይኸው የምታቃጥሉት ገለፈት በሌላ አገር የመንደር መብራት ሆኗል። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። የት ላይ እንደተቸገሩም አልደብቃችሁም።

አገሩ ሕንድ ነው። በሕንድ ምሥራቅ በኩል፣ ከኔፓል ድንበር አጠገብ፣ ቢሃር የሚባል ክፍለ አገር አለ። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ድሃ ነው፤ ሩዝ ያመርታል። ግያኔሽ ፓንዴ የሚባል የዚያ አገር ተወላጅ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኖ አሜሪካን አገር ይሠራ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር የገጠሩን ጨለማ የሚያበራ ዘዴ ይፈልግ ጀመር። በመጀመሪያ ያሰቡት ገለፈትን አልነበረም። የፀሐይ ኃይልን ሞከሩ፤ ጃትሮፋ የሚባለውን ፍሬው ዘይት የሚሰጥ የአጥር ተክልም ሞከሩ። አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ዓይናቸው በየመፈተጊያው ጀርባ የተከመረው ገለፈት ላይ አረፈ። ነሐሴ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር 2007) ታምኩሃ በምትባል መንደር የመጀመሪያውን መብራት አበሩ። የመንደሯ ስም ትርጉም የጨለማ ጉም ማለት ነው ይባላል። ድርጅታቸውን ሀስክ ፓወር አሉት፤ «የገለፈት ኃይል» እንደማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ከገለፈት እንዴት ኤሌክትሪክ ይወጣል? ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ከሰል ያከሰለ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። እንጨቱ ይከመራል፤ ሣርና አፈር ይለብሳል፤ እሳት ይለኮስበታል። አፈሩ ለምን ይለብሳል? አየር እንዲያጥረው ነው። አየር እንደ ልቡ ያገኘ እንጨት ነድዶ አመድ ይሆናል። አየር ያጠረው ግን ይከስላል፤ ከክምሩም ወፍራም ጭስ ይወጣል። ያ ጭስ ከንቱ እንዳይመስላችሁ። በውስጡ ሊነድ የሚችል ጋዝ አለ። ከሰል አክሳዩ ከሰሉን ይይዝና ጋዙን ለሰማይ ይለቀዋል። የቢሃሩ ማሽን ደግሞ ጋዙን ይይዛል።

ማሽኑ ትልቅ የብረት በርሜል ይመስላል። ገለፈቱ ከላይ ይጨመራል፤ ውስጡ እሳት አለ፤ አየር የሚገባለት በልክ ነው። ጋዙ በቧንቧ ይወጣል። ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ጥቀርሻና ሬንጅ የሚመስል ዝልግልግ ነገር ይዟል። ስለዚህ በውሃ ይታጠባል፤ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ሰጋቱራና ጨርቅ ባሉ ማጣሪያዎች ውስጥ ያልፋል። ጠላ እንደሚጠለል በሉት። የተጣራው ጋዝ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሞተሩ የወፍጮ ቤቱን ሞተር የመሰለ ነው፤ ልዩነቱ በናፍጣ ፈንታ ጋዝ መብላቱ ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ጋዙ ላይ ትንሽ ናፍጣ ካልተጨመረ አይሠሩም። የቢሃሮቹ ትልቁ ድካም ናፍጣ የማይጠይቅ፣ በጋዝ ብቻ የሚዞር ሞተር ማግኘት ነበር፤ አገኙትም። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሽቦውን በብረት ምሰሶ አይደለም የዘረጉት፤ በቀርከሃ ነው። ወጪ እንዲቀንስ ነዋ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር። ይህ ጋዝ ይገድላል። በውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አለ፤ ሽታ የለውም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ሳይነቃ የሚቀረው በዚሁ ጋዝ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ነፋስ በሚያልፍበት ክፍት ዳስ ሥር እንጂ በቤት ውስጥ አይቆምም። ጋዙን ያጠበው ውሃም ከብት ወደሚጠጣው ወንዝ አይለቀቅም።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ሒሳብ እንሥራ።

ከቢሃሮቹ ማሽኖች አንዱ በአንድ ሰዓት 50 ኪሎ ያህል ገለፈት ይበላል፤ 32 ሺህ ዋት ያህል ይሰጣል። ዋት የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው፤ ኪሎ ለእህል እንደሆነው ማለት ነው። ማሽኑ በየማታው ከ12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ይሠራል እንበል። 6 ሰዓት በ50 ኪሎ ሲባዛ 300 ኪሎ፣ ማለት 3 ኩንታል ገለፈት ነው። 100 ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ ሲፈተግ 20 ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣዋል። ስለዚህ 3 ኩንታል ገለፈት ለማግኘት 15 ኩንታል ሩዝ መፈተግ አለበት። ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ይገኛል ብንል፣ 15 ኩንታል የግማሽ ሄክታር ምርት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? የአንድ ገበሬ የግማሽ ሄክታር ገለፈት መንደሩን አንድ ማታ ያበራል። የሚቀጥለው ማታ የጎረቤቱ ተራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለማብራት ግማሽ ግማሽ ሄክታር የዘሩ 365 ገበሬዎች ያስፈልጋሉ። እኔ ይህን ቁጥር ሳገኝ ደስ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት።

ስንት ቤት ያበራል? በቢሃር አንዱ ጣቢያ ወደ 400 ቤት ያህል ያበራ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ባለ 15 ዋት አምፖልና ስልክ መሙያ ነበር የሚሰጠው። ክፍያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወር 100 ሩፒ አካባቢ ሆኖ ለላምባ ይወጣ ከነበረው ያንስ ነበር። ሁለት አምፖል 30 ዋት ነው፤ 400 ቤት በ30 ሲባዛ 12 ሺህ ዋት። የተረፈው ለሱቆችና ለትንንሽ ሥራ ይሆናል፤ በሽቦ ላይ የሚጠፋም አለ። ዛሬ ከ10 ዋት በታች ሆኖ ያንኑ ያህል የሚያበራ አምፖል ስለመጣ ሒሳቡ ከዚያን ጊዜው ይሻላል።

እናቶች «ታዲያ እንጀራም ይጋገርበታል?» ማለታችሁ አይቀርም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አይጋገርበትም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይጎትታል። ያ ከ100 ቤት በላይ የሚያበራ ነው። ሙሉው ማሽን ዘጠኝ ምጣድ ብቻ ነው የሚችለው። መብራት ገባ ማለት ማገዶ ቀረ ማለት እንዳይመስላችሁ። የማገዶ ነገር ሌላ ጣጣ ነው፤ በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

እዚህ ላይ አንድ አባት ትናንት የጠየቁኝን ላንሳ። ከተማ ውስጥ ይህን ነገር «ተረፈ ምርት» ይሉታል፤ እኔም በትምህርት ቤት የተማርኩት እንደዚያው ነው። እኒያ አባት ይህን ቃል ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ከኔ ቤት ምን ይተርፋል? በሬዬ ይብላ ወይስ መብራትህ ይብላ?» አሉኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን አስቤበት መጣሁ።

መልሴ፣ በሬው ይብላ የሚል ነው። የጤፍ ጭድ ተረፈ ምርት አይደለም፤ የበሬ ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ግድግዳ ነው። የሩዙም ገለባ፣ ማለት ከማሳው የሚታጨደው አገዳና ቅጠሉ፣ ከብቱ በጋውን የሚሻገርበት ነው። የማሽላ አገዳ አጥርና ማገዶ ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ማሳ ላይ የሚቀረው ሥርና ብጥስጣሽም አፈሩን ይመግባል። ከእነዚህ አንዱን ለመብራት ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ፣ ያን አባት ያሉትን መልሳችሁ ጠይቁት።

የሩዝ ገለፈት ግን የተለየ ነው። ከገለፈቱ ጋር የሚወጣውን ደቃቅ ለይታችሁ ለከብት ስጡ፤ እሱ ምግብ ነው። ገለፈቱ ራሱ አሸዋ የሚሠራበት ነገር ሞልቶበታል፤ ሲሊካ ይባላል። ለዚህ ነው ሻካራ የሆነው፤ ለዚህም ነው ብታቃጥሉት ከ100 ኪሎው 20 ኪሎ የሚጠጋ አመድ የሚተወው። ለበሬ የሚረባ ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ሌላም አለ። በቡና አገር ከደረቅ ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ገለፈት፣ በሰሊጥና በጥጥ አገር ማሳ ላይ የሚቃጠለው አገዳ የዚህ ዘመድ ነው። የስኳር ፋብሪካዎች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል፤ እነ መተሐራና ፊንጫ የሸንኮራውን ጭማቂ ከጨመቁ በኋላ ገለባውን አንድደው በእንፋሎቱ ማሽናቸውን ያዞራሉ፤ ኤሌክትሪክም ያገኛሉ። ሩዝ እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲገባ «ውሃ የሚተኛበት መሬት ምን ያበቅላል» ይባል እንደነበር የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ። የሩዝ አገር በመሆናችሁ ገለፈቱም የናንተ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። በቢሃር ሥራው መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ተስፋፋ፤ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ በብዙ መንደር ጣቢያ ተተከለ። ከዚያ አንድ ያላሰቡት ነገር መጣ። ባለመፈተጊያዎቹ «እኛ የምንጥለውን እናንተ ትሸጡታላችሁ» አሉና ዋጋ ጠየቁ። ፍርዱ የናንተ ነው፤ እኔ እንደማየው አልተሳሳቱም። የሚፈለግ ነገር ዋጋ ያወጣል። ግን በነጻ ወይም በርካሽ የተሰላው መብራት ገለፈቱ ሲወደድ ሒሳቡ ተናጋ። ስለዚህ ማሽን ከመግዛት በፊት የገለፈቱ ዋጋ በጽሑፍ መታሰር አለበት። አሁን እናንተ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ውሉን አንብቡና ፈርሙ።

ሌላው፣ ሰው ባለ 15 ዋት አምፖሉን አውልቆ ባለ 100 ይሰካል። ወይም ማታ ሽቦ ይጠልፋል። አንድ ቤት ሲደምቅ አሥር ቤት ይደበዝዛል። ለዚህ በየቤቱ ከልኩ ሲያልፍ የሚያቋርጥ ትንሽ መሣሪያ ማስገባት ግድ ሆነባቸው፤ ክፍያውንም አስቀድመው መሰብሰብ ያዙ።

ከሁሉም የከፋው ግን ያ ሬንጅ ነው። ማጣሪያው በየጊዜው ካልተጸዳ ሬንጁ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። ገለፈቱ በዝናብ ከራሰም ጋዙ ይበላሻል፤ ሞተሩም ይታነቃል። ክረምቱን የሚያሳልፍ ደረቅ ጎተራ ያስፈልጋል። ማሽኑ ልክ እንደ ጥገት ላም ነው፤ ዕለት ዕለት የሚያየው ሰው ከሌለ አይታለብም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ባደግኩበት መንደር አንድ ጊዜ ጄኔሬተር ተሰጥቶ ነበር። ማን እንደሰጠ ስሙን አልጠራም። በምረቃው ቀን በሬ ታረደ፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አምፖሉን ሳይ እስኪነጋ አልተኛሁም። ዘይቱን የሚቀይር ሰው ግን አልተመደበም። ክፍያ የሚሰበስብም አልነበረም፤ ሁሉም «የመንግሥት ነው» ይል ነበር። ስምንት ወር አልሞላውም። ዛሬ ጣራው ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል። የዚያ ቤት አምፖሎች አሁንም ተሰክተው እንዳሉ ናቸው፤ አያቴ «ተስፋ አይነቀልም» እያለች አታስነቅልም ነበር።

በቢሃር ይህን የተረዱት ይመስለኛል። ከመንደሩ ወጣቶች ወስደው አሠለጠኑ፤ ማሽኑን የሚነዱት፣ ሽቦውን የሚጠግኑት፣ ገንዘቡን የሚሰበስቡት የዚያው ሰፈር ልጆች ሆኑ። ከማሽኑ ሥር የሚወጣውን ከሰል መሳይ ጥቁር ትርፍ ደግሞ ሴቶች አቡክተው የሚጨስ የዕጣን ዘንግ እየሠሩ ሸጡት። ይህ የሴቶቹ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በኋላ ደግሞ ዘመኑ ተለወጠባቸው። የፀሐይ መሣሪያ ዋጋው ወረደ። የመንግሥት መስመርም ገጠር ገባ፤ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት መስመሩ ለሁሉም መንደር ደርሷል ብሎ አስታወቀ። ሀስክ ፓወርም ገለፈቱን ከፀሐይ ጋር አጣመረው፤ ቀን ፀሐዩ ይሠራል፣ ማታ ገለፈቱና ባትሪው ያግዛል። እያደርም ፀሐዩ እየበለጠ መጣ። ይህን ለምን እነግራችኋለሁ? ገለፈት ብቻውን ሁሉን ይችላል ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው። የዛሬ ሰው ቢጀምር ሁለቱን አስተያይቶ መጀመር አለበት። ፀሐይ ቀለብ አትጠይቅም፤ ግን ለማታ የሚያቆይላት ባትሪ ውድ ነው። ገለፈት ማታም ክረምትም ይሠራል፤ ግን እጅ ይፈልጋል።

«የዓባይ ግድብ ተመርቆ የለ፣ ገለፈት ምን ያደርግልናል?» የምትሉም አላችሁ። ልክ ነው፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እኔም መስመሩ እዚህ ቢደርስ እመርጣለሁ፤ እንጀራም ይጋገርበታላ። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ሽቦውን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየጎተቱ እስከ ጎጆ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ሽቦው በመንገድ ዳር አልፎ ጨለማ ውስጥ የቀረ ቤት ስንት እንደሆነ እናንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። መስመሩ በቅርቡ የሚደርስ ከሆነ ማሽን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህን ከወረዳው ጠይቆ ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራችን መሆን አለበት። ጥያቄውን በጽሑፍ እናቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። ደብዳቤውን ይህ ክፍል ራሱ ይጽፈዋል፤ እኔ ፊደል ብቻ አርማለሁ።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር መቁጠር እንችላለን። ምን ያህል ገለፈት አለን? በግምት «ብዙ ነው» ማለት አይበቃም። ሩዝ የሚፈተገው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ ከአጨዳ በኋላ ይጎርፋል፣ ክረምት ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ሩዝ ለማስፈተግ የምትሄዱ ሁሉ ያስፈተጋችሁትን ኩንታል፣ ቀኑንና የወጣውን የገለፈት ጆንያ ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ። ጆንያው በገለፈት ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አንዱን ጆንያ በሚዛን አይተን እንያዝ፤ ገለፈት ቀላል ስለሆነ የእህል ጆንያ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ።

እማማ ለ እና ሰን ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያንብቡ፤ እኔ ኩራዙን እይዝላቸዋለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ሰሌዳው ላይ እየጻፍን እንደምራለን።